አሥራ አራት አሃዞች

ከታሪኩ በፊት ጥፋቴን ልናገር። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ እያለሁ አንድ ማኅበር ድረ ገጹን እንድናድስለት መጣ። አሮጌው ገጽ በ2003 አካባቢ የተሠራ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)፤ ቢጫ መደብ ያለው፣ ከላይ የሚሮጥ ጽሑፍ የነበረበት። አዲሱን ሠራን፣ አማረ። የድሮዎቹ ጽሑፎች «በኋላ ይዞራሉ» ተባለ። ያ «በኋላ» ሳይመጣ የአሮጌው ሰርቨር ኪራይ አለቀና ተሰረዘ። ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ።

ከስድስት ወር በኋላ አንዲት ሴትዮ ደወሉ። «ወንድሜ፣ የአባቴ ጽሑፎች የት ሄዱ?» አባታቸው ስላደጉበት ሰፈር አሥራ አንድ ጽሑፎች እዚያ ላይ አውጥተው ነበር። አሁን በሕይወት የሉም። ልጃቸው እጅ የቀረው አንዱ ጽሑፍ የታተመበት ወረቀት ብቻ ነው። ባክአፕ ፈለግኩ፣ የለም። ዌይባክ ማሽንን ከምር ያወቅኩት የዚያን ቀን ማታ ነው።

መሣሪያው ከእኔ ብዙም በዕድሜ አይርቅም። ብሩስተር ኬል የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ በ1996 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኢንተርኔት አርካይቭን አቋቋመ። በዚያው ዓመት ከብሩስ ጊሊያት ጋር አሌክሳ ኢንተርኔት የተባለ ኩባንያም መሠረተ። የአሌክሳ ፕሮግራም ከሊንክ ወደ ሊንክ እየዞረ ገጾችን ይገለብጥ ነበር፤ ቅጂው ቆየት ብሎ ለአርካይቩ ይሰጥ ነበር። ኩባንያውን በ1999 አማዞን ገዛው፤ ልማዱ ግን ቀጠለ። ሕዝቡ ግን ለአምስት ዓመት ያህል ምንም አላየም። የፍለጋው በር የተከፈተው በጥቅምት 2001 ነው። ስሙም ከድሮ የአሜሪካ የልጆች ካርቱን የመጣ ነው፤ እዚያ ውስጥ አንድ ምሁር ውሻና አንድ ልጅ በማሽን ወደ ኋላ ዘመን ይጓዛሉ። በ2002 ደግሞ የስብስቡ ቅጂ ለአዲሱ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ። የጥንቱ ቤተ መጻሕፍቷ ለጠፋባት ከተማ፣ ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የተቀመጠ ገጽ ስትከፍቱ አድራሻው ውስጥ አሥራ አራት አሃዞች ታያላችሁ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ፤ በቃ፣ የተገለበጠበት ቅጽበት ነው። ግን ተጠንቀቁ። ጽሑፉ የመጋቢት ሆኖ፣ ፎቶው በዚያ ቀን ካልተገለበጠ ማሽኑ ቅርብ ያገኘውን ያመጣል፤ ምናልባት የሚቀጥለውን ዓመት። ስለዚህ አንድ ገጽ ብላችሁ የምታዩት፣ በአንድም ቀን እንደዚያ ሆኖ ታይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

እንዲህም ሆኖ ክብደት ያለው ምስክር ነው። ሐምሌ 2014 የማሌዥያ አየር መንገድ ኤምኤች17 ምሥራቅ ዩክሬን ላይ ተመትቶ 298 ሰዎች አለቁ። በዚያው ቀን በአንድ የተገንጣዮች አዛዥ ስም በሚታወቅ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ «አውሮፕላን ጣልን» የሚል ይዘት ያለው መልእክት ወጣ፣ ከዚያ ተሰረዘ። ቅጂው ግን ዌይባክ ማሽን ላይ ቀረ።

የእኔ ፍለጋ ያን ያህል ትልቅ አልነበረም። አድራሻውን አስገባሁ፣ ገጹ መጣ፣ ቢጫው መደብ ሳይቀር። ጽሑፉን ስከፍተው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ነገር ሆነብኝ። ምክንያቱን ቆይቶ ነው የገባኝ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ አብሮት የሚመጣ የአማርኛ ፎንት ያገኘው ግን ቪስታ በ2007 ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም የየራሱን ፎንት ይጠቀም ነበር፤ የላቲኑ ቦታ ላይ «ለ» ወይም «መ» ይቀመጣል። ፊደላችን ከ200 በላይ ስለሆነ አንድ ፎንት አይበቃውም፤ አንዳንዱ ለሁለት ለሦስት ይከፍለው ነበር። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ እያለ የለም ማለት ነው። የፎንቱ ማውረጃ ሊንክ ደግሞ አልተገለበጠም።

ያኔ የሴትዮዋ ወረቀት ትዝ አለኝ። በፎቶ ላኩልኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ከተቀመጡት ገጾች የአንዱ ነበር፤ ፊደል በፊደል እያስተያየሁ ሠንጠረዥ አወጣሁ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ከዚያ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩና ሌሎቹን አስነበብኩት። መጀመሪያ የወጣው ዓረፍተ ነገር ስለ አንድ የቧንቧ ውሃ ወረፋ ነበር።

ከአሥራ አንዱ ሰባቱን አገኘሁ። አራቱ የሚከፈቱት በፍለጋ ሳጥን ብቻ ነበር፤ የሚገለብጠው ፕሮግራም ደግሞ ሊንክ እንጂ ፍለጋ አያውቅም። ሰባቱን ይዤ ስሄድ ሴትዮዋ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ አራቱ ነው። መልስ አልነበረኝም።

ፒው የምርምር ማዕከል በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩት ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ አይገኙም። አርካይቩም ራሱ ዘላለማዊ አይደለም። በ2024 ተጠልፎ የ31 ሚሊዮን ሰዎች የመለያ መረጃ ወጣ፤ ዌይባክ ማሽንም ለቀናት ተዘጋ። እነዚያን ቀናት በደንብ አስታውሳቸዋለሁ። ሰባቱን ጽሑፎች በራሴ ዲስክም በሴትዮዋ ፍላሽም ላይ በማስቀመጤ ደስ አለኝ።

ዛሬ ሥራ ቦታዬ ላይ አንድ ደንብ አለኝ። ማንኛውም አሮጌ ገጽ ከመሰረዙ በፊት እያንዳንዱን አድራሻ ዌይባክ ማሽን ላይ ራሴ አስቀምጣለሁ፤ በፍለጋ ብቻ የሚከፈቱትን ከሁሉ አስቀድሜ። «ማን ያነበዋል?» ይሉኛል ባልደረቦቼ። እኔም አላውቅም። ያኔም አላውቅም ነበር፤ ስልኩ እስኪደወል።