ፈተናው የለካውና የሳተው

እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካ ውስጥ የወጣቶችን አካል የሚመለከቱ ሁለት ጥናቶች ታተሙ። አንዱ የዶክተር ሃንስ ክራውስና የተራራ ወጪዋ የቦኒ ፕሩደን ሥራ ነው። መለኪያቸው ከጀርባ ሕመምተኞች ምርመራ የተወረሰ ሲሆን ያሉት ስድስት ቀላል እንቅስቃሴዎች ብቻ ናቸው፤ በጀርባ ተኝቶ እግርን ለአሥር ሰከንድ አንሥቶ መቆየት፣ እጅን ማጅራት ላይ ቆልፎ ከተኙበት ቀና ብሎ መቀመጥ፣ ጉልበት ሳያጥፉ ጎንበስ ብሎ ወለሉን በጣት መንካትና የመሳሰሉት። ከአሜሪካ ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ በአንዱ ወደቁ፤ ከአውሮፓ እኩዮቻቸው የወደቁት ግን ከመቶ አሥር አይሞሉም። ሌላው ጥናት ኮሪያ ላይ የተገደሉ 300 አሜሪካውያን ወታደሮችን ልብ የመረመረ ነው። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ቢሆንም ከመቶ 77ቱ የልብ ደም ቧንቧቸው መታመም ጀምሮ ነበር። እንዲህ ያለ ጉዳት በአንድ ጀምበር አይመጣም፤ ሥሩ ከጉርምስና ይዘልቃል። የትምህርት ቤት ስፖርትን መንገድ የቀየሰው ግን የመጀመሪያው ጥናት ሆነ። በእኔ እምነት አሜሪካ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የልጆቿን ብቃት በማይሆን ሚዛን የመዘነችው በዚሁ የተነሣ ነው።

ሚዛኑን የመረጠው ፍርሃት ነበር። የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነውና የላላ ልጅ ማለት የላላ ወታደር ማለት ነበር። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1955 ጉዳዩን በዋይት ሀውስ ምሳ ላይ አድምጠው በ1956 የወጣቶች ብቃት ምክር ቤት አቋቋሙ፤ ኬኔዲም ሥልጣን ሊይዙ ሲሉ በስፖርትስ ኢላስትሬትድ መጽሔት የአሜሪካዊውን መላላት ወቀሱ። በ1958 የወጣው ብሔራዊ ፈተና ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ራስን መሳብን፣ አጭር ሩጫንና ሶፍትቦል አርቆ መወርወርን ያካትት ነበር። ውርወራው የእጅ ቦምብ ልምምድ ይመስላል ያሉ አልጠፉም። ከ1966 ጀምሮ የፕሬዚዳንቱ ሽልማት ከመቶ 85 እኩዮቻቸውን ለበለጡ ብቻ ይሰጥ ጀመር። አገጩን አንዴም ከዘንጉ በላይ ማድረስ ያቃተው ልጅ በክፍል ጓደኞቹ ፊት ዜሮ አስመዝግቦ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲህ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜን ቢሸሽ ማን ይፈርድበታል? ጤና ግን የሚያተርፈው ከታች ነው። የዳላሱ ኩፐር ተቋም ከ13,000 በላይ ጎልማሶችን ተከታትሎ በ1989 ባወጣው ጥናት፣ የሞት መጠን ጎልቶ የቀነሰው ከመጨረሻው የብቃት እርከን ወደ ቀጣዩ ከፍ ሲባል እንጂ ጫፍ ላይ አልነበረም።

የወታደሮቹ ደም ቧንቧ ምሥጢር እየተገለጠ የመጣው ዘግይቶ ነው። ተመራማሪው ራስል ሮስ በ1999 የደም ቧንቧ መደደር የብግነት በሽታ መሆኑን አስረግጦ ጻፈ። ብግነት ሲኖር ጉበት የሚያመነጨው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን በደም ውስጥ ይጨምራል፤ በብዙ ጥናቶች የአካል ብቃታቸው የተሻለ ታዳጊዎች ዝቅ ያለ መጠን ይታይባቸዋል። ይህ የውፍረት ጉዳይ እንጂ የስፖርት አይደለም የሚል ተቃውሞ አለ፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። የሰውነት ስብ በስሌቱ ሲገባ ግንኙነቱ ብዙ ጊዜ ይሳሳል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ጉንፋን ብቻውን የፕሮቲኑን መጠን ሊያንረው እንደሚችልም መርሳት አይገባም። ነገር ግን ስቡ ራሱ ከእንቅስቃሴ ማነስ ጋር የተቆራኘ ነው። በዚያ ላይ የሚሠራ ጡንቻ ኢንተርሉኪን-6 የተባለ ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል፤ ይህም ብግነትን የሚያበርዱ ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ክብደቱ ያልቀነሰ ልጅም ሮጦ በከንቱ አልደከመም።

የድሮው ፈተና ጠበቆች ውድድር ልጆችን ያነሣሣል ይላሉ። ያነሣሣል፣ ግን ማንን? ዱሮውንም የሚሮጠውን። ፈተናው 600 ያርድ ሩጫም እንደነበረው አልክድም፤ ችግሩ እሱም እንደ ውርወራው በእኩያ ደረጃ መመዘኑ ነው። ኩፐር ተቋም በ1982 የጀመረው ፊትነስግራም የተባለ የብቃት መለኪያ ውሎ አድሮ ልጁን ከጎረቤቱ ጋር ማወዳደር ትቶ ከጤና መስፈርት ጋር ማወዳደር ያዘ፤ የኦባማ አስተዳደርም በ2012 የቀድሞውን ፈተና በዚህ መንገድ ተካው። በሐምሌ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ፈተናው እንዲመለስ ትእዛዝ ፈረሙ፤ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የውትድርና ዝግጁነት ነው።