የግብረ መልስ ዑደት ምንድን ነው?

«ፊድባክ ሉፕ» የሚባለውን ፅንሰ ሐሳብ በአማርኛ «የግብረ መልስ ዑደት» እንለዋለን። አንድ ሥርዓት ያስገኘው ውጤት ወደ ራሱ ወደ ሥርዓቱ ተመልሶ ቀጣዩን አካሄድ ሲወስን ዑደት አለ ማለት ነው። የትናንቱ ውጤት የነገው ምክንያት ይሆናል። ዑደቱ ሁለት ዓይነት ነው።

አመጣጣኝ ዑደት ለውጥን ይገታል። ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ሲል ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ስኳሩ ሲወርድ ኢንሱሊኑም ይቀንሳል። ጄምስ ዋት በ1788 እ.ኤ.አ. ለእንፋሎት ሞተር የገጠመው የፍጥነት መቆጣጠሪያም የሚሠራው እንዲሁ ነበር፦ ሞተሩ ሲፈጥን የእንፋሎቱን መግቢያ ያጠብባል፣ ሲዘገይ ያሰፋል።

አጠናካሪ ዑደት ደግሞ ለውጡን በጀመረበት አቅጣጫ ይገፋዋል። በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል ደን ሲመናመን ማገዶ ይጠፋል። ማሳውን ሊያለማ ይችል የነበረው እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። አፈሩ ይደኸያል፣ ምርት ይቀንሳል፤ ጉድለቱን ለመሙላት ተዳፋቱ ሳይቀር ይመነጠራል፣ ማገዶውም ከፊቱ ይብስ ይጠፋል። እያንዳንዱ እርምጃ ቤተሰቡን ለዛሬ ያሳድራል፤ ተያይዘው ሲዞሩ ግን መሬቱን ያራቁታሉ።

አጠናካሪ ዑደት ወደ በጎም ይዞራል። ተራራ ከከብት ሲከለል ሣርና ቁጥቋጦ ያገግማል፤ ዕፅዋቱ ጎርፉን ያዘገያል፣ ውሃው ወደ መሬት ይሰርጋል፣ እርጥበቱም ተጨማሪ ዕፅዋት ያበቅላል። በዚህ መንገድ የተራቆተ መሬቱን ያለማው በትግራይ የሚገኘው የአብርሃ ወአጽብሃ ማኅበረሰብ በ2012 እ.ኤ.አ. የኢኳተር ሽልማትን አግኝቷል። ነገር ግን ምላሹ ይዘገያል፤ ውጤቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ትዕግሥት ያጣ ሰው ጥረቱን ሊያፈራ ሲል ይተወዋል።

የዚህ ዕውቀት ጥቅም ዑደቱ የት ላይ እንደሚቆረጥ ማሳየቱ ነው። ገበሬውን «ኩበት አታንድድ» ብሎ መምከር ብቻውን ምንም አይለውጥም፤ እራቱ መብሰል አለበትና። የባዮጋዝ ማብላያ ግን ከእበቱ ለምድጃ የሚሆን ጋዝ ይሰጣል፣ ቅሪቱንም ለማሳው ማዳበሪያ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ የምታወጡ ሁሉ፣ ሰውን ከመውቀሳችሁ በፊት ዑደቱን በወረቀት ላይ ሣሉት።