አንዱ እሳት ስንት ሥራ ይሠራ ነበር?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ይህ ተረት ብዙውን ጊዜ የሚነሣው አንዱ ሹመኛ ወርዶ ሌላው ሲተካ ነው። እኛ ግን ዛሬ ስለ ሹመት ሳይሆን ስለ ጉልቻው ራሱ ልንጽፍ ነው። በእናቶቻችን ዕድሜ ብቻ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በዶዮገናና በአንጋጫ ጉልቻው ደጋግሞ ተለዋውጧል። ወጡ ጣፈጠም አልጣፈጠም፣ በቤታችን ውስጥ ብዙ ነገር አብሮ ተለውጧል።

ይህን ለመጻፍ የተነሣነው አባሎቻችን ክረምት በመጣ ቁጥር ከቁጠባው ብድር ወስደው ምድጃ ስለሚገዙ ነው። በስብሰባችን ላይም «የትኛው ምድጃ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። አንዳንዶቻችን ለእንጀራ፣ አንዳንዶቻችን ለወጥና ለቡና እንጠይቃለን። ከደጋው በኩል ያሉ እህቶቻችን ግን ቤት የሚያሞቅላቸውን ነው የሚፈልጉት። ጥያቄው አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። እንዴት እንደተለያየ ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ሆሳዕና ዋቸሞ ትባል በነበረበት ዘመን (ስሙ ዛሬ በዩኒቨርሲቲያችን ላይ ይገኛል) በሐዲያም በከምባታም ቤቱ ክብ ነበር። በመካከሉ ምሰሶ፣ ከላይ የሣር ክዳን፣ በአንድ ወገን የከብቶች ማደሪያ፣ በሌላው ወገን የሰው መኝታ ነበረው። እሳቱም እዚያው ቤት ውስጥ በሦስት ጉልቻ መካከል ይነድ ነበር። በገጠሩ ዛሬም እንዲህ ያለ ቤት አልጠፋም። አገራችን ደጋ ነው፤ ሆሳዕና ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአምባሪቾ ተራራ ጫፍም ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዝናብና ጭጋግ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ የሌሊት ውርጭ አለ። ስለዚህ እሳት ለማብሰያ ብቻ የሚፈለግ ነገር አልነበረም።

ያ አንድ እሳት የሚሠራውን እንቍጠር። አንደኛ፣ ቆጮው ይጋገርበታል፣ ጎመኑ ይቀቀልበታል፣ ቡናው ይፈላበታል። ሁለተኛ፣ ከከብቶቹ ትንፋሽ ጋር ሆኖ ቤቱን ሌሊቱን ሙሉ ያሞቃል። ሦስተኛ፣ መብራት ነው። አራተኛ፣ ጭሱ የሣሩን ክዳንና እንጨቱን ከነፍሳት ይጠብቃል፤ ከእሳቱ በላይ የተሰቀለው የዘር በቆሎም አይነቅዝም። አምስተኛ፣ ሰው ይሰበስባል፤ ተረት የሚነገረውም፣ ሽምግልና የሚያድረውም፣ እንግዳ የሚቀመጠውም እሳቱ ዙሪያ ነው። ማታ በረመጥ ተዳፍኖ ጠዋት ይቆሰቆሳል፤ የጠፋባት ደግሞ «እሳት ልጫር» ብላ ጎረቤት ትሄዳለች። በሒሳብ ቋንቋ ብንናገር አንድ ወጪ አምስት ገቢ ነበረው።

ያ እሳት ግን ዕዳም ነበረው። የእናቶቻችንን ዓይን ያቀላ፣ ሕፃናቱን ያሳለ፣ ዳዴ የሚለውን ልጅ ያቃጠለ እሳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚነድ እንጨት፣ ኩበት፣ ከሰልና በመሳሰለው ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ከጭሱ አጠገብ ረጅም ሰዓት የሚቆዩት ሴቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ልጆች ናቸው። ሌላው ዕዳ እንጨቱ ነው። እንጨት ለቃሚዋ ሴት የምትሄድበት ሰዓትና የምትሸከመው ሸክም በማንም ደብተር ላይ ተጽፎ አያውቅም። ስላልተጻፈም ነጻ ይመስል ነበር። ምድጃ የመምረጥ ጥያቄ በከተማ ቀድሞ የተነሣው በዚህ ምክንያት ይመስለናል፤ በከተማ እንጨት በብር ይገዛላ!

ጫካው ሲመናመን ባሕር ዛፍ መጣ። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ የማገዶ እጥረት ለጸናባት ለአዲስ አበባ የመጣው ይህ ዛፍ ውሎ አድሮ ወደ እኛም ደጋ ተዛመተ። ዛሬ በሐዲያና በከምባታ ጓሮ ባሕር ዛፍ እንደ ባንክ ነው፤ የልጅ ትምህርት ወጪና የበሽተኛ መታከሚያ ከእርሱ ይወጣል። ነገር ግን ግንዱ ለቤት መሥሪያ ይሸጣል፣ ብሩንም ብዙ ጊዜ የሚይዘው አባወራው ነው። ለምድጃው የሚደርሰው ቅጠሉ፣ ቅርንጫፉና ልጣጩ ነው። እነዚህ ቶሎ ይነዳሉ፣ ቶሎ ይጠፋሉ፤ ረመጥ ሆነው አያድሩም።

ከተሞቹ ሲያድጉ ቆርቆሮ ተከተለ። ሣር ክዳን ጭስ ይጠቅመው ነበር፤ ቆርቆሮን ግን ጭስ ያጠቁረዋል እንጂ ምንም አያደርግለትም። ጠርብ ያለው፣ ግድግዳው የተለሰነ፣ ወንበርና አልጋ የገባበት ቤት ውስጥ እሳት ማንደድ ነውር ሆነ። ስለዚህ እሳቱ ከቤት ወጥቶ በጓሮ በተሠራ ማድ ቤት ገባ። ከብቶቹም ወደ በረት ወጡ። መብራቱን መጀመሪያ ኩራዝና ፋኖስ፣ በኋላ ኤሌክትሪክ ወሰደው። ጭሱ ከሳሎን በመውጣቱ ትልቅ እፎይታ ተገኘ፤ ይህን የሚያቃልል ሊኖር አይገባም። ነገር ግን ቆርቆሮ ሙቀት አይዝም። ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል።

ዘመናዊ የምንላቸው ምድጃዎች የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተስፋፋ ሲሆን፣ መነሻው ኬንያውያን ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት የሠሩት ውስጡ ሸክላ ውጭው ቆርቆሮ የሆነ ምድጃ ነው። ሸክላው ሙቀቱን አምቆ ስለሚይዝ ከተለመደው የቆርቆሮ ማንደጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል ተብሎለታል። በዚያው ጊዜ አካባቢ ለእንጀራ ምርጥ ምድጃ ተሠራ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ በቅርጽ ማውጫ የሚሠራ፣ አራት ቍራጭ ተገጣጥሞ ምጣዱን የሚከብ፣ ከኋላው በሚወጣው ትኩስ አየር ድስት የሚጣድበት ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እስከ ግማሽ የሚሆን እንጨት ያድናል። ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት አምራቾችን በማሠልጠን በብዙ ከተሞች እንዲስፋፋ አግዟል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ለድስት የሚሆነው ትክክል ምድጃ ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአገሪቱ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ቅድሚያ ከሰጣቸው ሥራዎች አንዱ አድርጎታል።

እነዚህ ምድጃዎች ሁሉ የተሠሩትም የተለኩትም በማብሰል ነው። ስንት እንጀራ በስንት ኪሎ እንጨት? ስንት ሊትር ውኃ በስንት ደቂቃ? ይህ ልክ ነው፤ የተፈለገውም እሱ ነበርና። ነገር ግን እንጨቱ በግማሽ ሲቀንስ ለክፍሉ የሚተርፈው ሙቀትም አብሮ ይቀንሳል። ምድጃው ያለውም ከመኝታ ቤት ርቆ በማድ ቤት ነው። ከአምስቱ ሥራዎች ማብሰሉን ምርጥና ትክክል ወሰዱት፤ መብራቱን ኤሌክትሪክ ወሰደው፤ ጭስ የሚፈልገው ክዳን ቀረ፤ ሰው የሚሰበስበውን ቴሌቪዥን ተካው። ሁለተኛው ሥራ፣ ቤት ማሞቅ፣ ተረካቢ አላገኘም።

ባዶ የቀረውን ቦታ የያዘው ከሰል ነው። ማታ ቡናው ሲያልቅ ማንደጃው ወደ መኝታ ቤት ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ በጣሪያና በግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት በጨርቅ ይወተፋል። ይልቁንም አራስ ባለችበት ቤት «ብርድ እንዳይመታት» ተብሎ ይህ በደግ ልብ ይደረጋል። ባለፈው ክረምት ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ በወለደች በስምንተኛው ቀን አራሷም አስታማሚዋም ራሳቸውን ስተው የተገኙት እንዲህ ባለ ክፍል ነው። ጎረቤት ቀድሞ በሩን ስለከፈተ ሦስቱም ተርፈዋል። ያልተረፉ ቤተሰቦችን ወሬ ግን በየዓመቱ እንሰማለን።

የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በረታ ኃይል ይጣበቀዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ከዚያም እንቅልፍ ያመጣል። «ከሰሉ ደህና ከቀላ ጉዳት የለውም» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ጭስ የሌለው ቀይ ፍምም ይህን ጋዝ ያወጣል። አጠገቡ ውኃ ማኖርም አያስወግደውም። ላቀችም ቢሆን ከሰል ቆጣቢ ነው እንጂ ለተዘጋ ክፍል የተሠራ አይደለም።

በዚህ መንገድ ያለፍነው እኛ ብቻ አይደለንም። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን በ1943 ዓ.ም. የዘመቱባትን ኮሪያን እናንሣ። የኮሪያ ገበሬ ቤት በብልሃት የተሠራ ነበር፤ በማድ ቤት የሚነደው የእንጨት እሳት ትኩሱን አየር በመኝታ ቤት ወለል ሥር አሳልፎ በማዶ በጭስ ማውጫ ይለቀዋል። አንድ እሳት አብስሎ ወለሉንም ያሞቃል። ከጦርነቱ በኋላ ደኑ ስለተራቆተ የከተማው ሕዝብ በእንጨቱ ፋንታ የተጠፈጠፈ የድንጋይ ከሰል ማንደድ ጀመረ። ወለሉ ሲሰነጠቅ ጋዙ እየሾለከ ለብዙ ዓመታት ብዙ ቤተሰብ በተኛበት ገደለ። መፍትሔ ያገኙት ሙቀቱን ሳይተዉ እሳቱን ከመኝታው በመለየት ነው፤ ውኃውን በውጭ አሙቀው በቧንቧ በወለል ሥር ማሳለፍ ያዙ። ያ ለእኛ ኪስ ውድ ነው። ትምህርቱ ግን ነጻ ነው፦ ሙቀቱ ይግባ፣ የእሳቱ ትንፋሽ ይውጣ።

እንግዲህ ወደ ብድራችን እንመለስ። ምድጃ ከመግዛታችን በፊት የቤታችንን እሳት በሥራው እንከፋፍለው። በሳምንት 4 ሸክም እንጨት የምትገዛ፣ ከዚህም 2 ሸክሙን ለእንጀራ የምታነድ እህት ምርጥ ምድጃ ብትገዛ የሚተርፋት ቢበዛ በሳምንት 1 ሸክም፣ በዓመት 52 ሸክም ነው። የአንዱን ሸክም ዋጋ በ52 አባዝታ ከምድጃው ዋጋና ከብድሩ ወለድ ጋር ታስተያየው። ቆጮ አዘውትራ የምትመገብና በወር አንዴ ብቻ ምጣድ የምትጥድ ደግሞ ያን ያህል አታተርፍም፤ ለእርሷ የድስት ምድጃው ይቀድማል።

ለሙቀት ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው ብር ለእሳት አይሁን። በቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ማስወጠር፣ ግድግዳውን መለሰን፣ የበሩን ሥር መድፈን በአንድ ጊዜ ወጪ ብዙ ክረምት ያገለግላል። ክፍሉ ውስጥ እሳት ከሌለ ክፍተት መድፈን አይጎዳም። ቡሉኮና ጋቢ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ውኃ ያለበት ጠርሙስ ለአራስም ለሽማግሌም ይበቃል። አቅም ያላት የእንጨት ምድጃ ቤት ውስጥ ላስገባ ካለች፣ በብረት ተበይዶ የተሠራ፣ በር ያለውና የጭስ ማውጫው ቧንቧ ከጣሪያው ጫፍ በላይ የሚወጣ ይሁን። ቧንቧው እንጨትና ኮርኒስ እንዳይነካ፣ ከየክረምቱ በፊት ጥላሸቱ እንዲጠረግ፣ አየር የሚገባበት ቀዳዳም እንዳይደፈን። ቧንቧ የሌለው ምድጃ፣ ከሰልም ይሁን እንጨት፣ ሰው ተኝቶበት በሚዘጋ ክፍል አይደር።

ለሚቀጥለው ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በብድር መጠየቂያ ቅጻችን ላይ «ይህ ምድጃ የሚሠራው የትኛውን ሥራ ነው?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። አራስ ልንጠይቅ ስንሄድም ከገንፎውና ከአተካናው ጋር ከሰል መያዙን ትተን ብርድ ልብስ እንያዝ፤ ማንደጃው ከአልጋው አጠገብ ካገኘነውም ይዘነው እንውጣ።