ከካስኬድ ተራራ ማዶ ያለው ወይን

በዴ ሞይን ባሕር ዳር ዝናብ ሲመታው ለሚከርም ወገናችን፣ ዋሽንግተን ስቴት በወይን ጠጅ ምርት ከካሊፎርኒያ ቀጥሎ በአሜሪካ ሁለተኛ ነው ቢሉት፣ «ወይኑ የት ይበቅላል?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ ከካስኬድ ተራራ ማዶ ነው። ከውቅያኖስ የሚነሣው ደመና ዝናቡን እኛ ዘንድ አራግፎ ባዶውን ይሻገራል። ስለዚህም ሲያትል በዓመት 950 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ስታገኝ፣ የያኪማ ሸለቆ ድርሻ 200 ያህል ብቻ ነው።

ያን ደረቅ ምድር ያለማው በመጀመሪያ የመስኖ ውሃ ነው። የበጋው ቀን ረጅም በመሆኑ ፍሬው ስኳር ያጠራቅማል፤ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝም ጎምዘዝ ያለው ጣዕሙ አይጠፋም።

ይሁን እንጂ ውሃና ፀሐይ ብቻ አልበቁም። ስቴቱ በ1916 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) መጠጥ ከለከለ። ክልከላው በ1933 ሲነሣ፣ ጠማቂዎቹ ከውጭ ተወዳዳሪ በሕግ ተጠብቀው በአብዛኛው ጣፋጭና ኃይለኛ ወይን ጠጅ ሲሸጡ ኖሩ። በ1969 ግን ሕጉ ተለወጠና የካሊፎርኒያ ወይን ጠጅ ገበያውን አጥለቀለቀው። ያላሻሻለ ከገበያ ወጣ።

ለማሻሻል መሠረቱን የጣለው ዋልተር ክሎር የተባለ ተመራማሪ ነበር። በ1937 ፕሮሰር ከተማ ከሚገኘው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ገብቶ፣ «የአውሮፓ ወይን የዚህን አገር ብርድ አይችልም» ሲባል፣ ዝርያዎቹን አንድ በአንድ እየተከለ ፈተናቸው። በ1974 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ባዘጋጀው የቅምሻ ውድድር፣ ስሙ ተሸፍኖ የቀረበው የዋሽንግተን ሪስሊንግ አንደኛ ወጣ። በ2001 የስቴቱ ምክር ቤት ክሎርን «የዋሽንግተን ወይን አባት» ብሎ ሰየመው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዝዋይ ላይ ካስቴል የተባለው የፈረንሣይ ኩባንያ በ2007 ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ ከቦርዶ ያመጣውን ችግኝ ተከለ፤ ጠጁም በ2014 ለገበያ ቀረበ። እዚያ ችግሩ የተለየ ነው። ወይኑን በብርዱ ወራት የሚያስተኛ ቅዝቃዜ ስለሌለ፣ ወቅቱን የሚያስታውቀው የገራዡ መቀስና የመስኖው ውሃ ነው።

እንግዲህ አገር ቤት መሬት ላይ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ወገን ከያኪማ ይህን ይማር፦ የወይን ችግኝ ከቦርዶ ይመጣል፤ የዓመታት ሙከራ ግን ተገዝቶ አይመጣም፣ በዚያው አፈር ላይ መሠራት አለበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና።

ቸር ይግጠመን።