ከድርቅ ማግስት፦ የአፈር ለምነት በላስታ የእህል ማሳዎች

በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም ተከታትለው ሲከዱ፣ ኤልኒኖ ባስከተለው ድርቅ በመላ አገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ላስታ የሚገኝበት ሰሜን ወሎ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። ድርቅ ባለፈ ቁጥር የላስታ ገበሬ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደሚፈልግ ነው። ከዚያ በፊት መነሳት ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ከበረቱ ምን ተረፈ?

ድርቅ ራሱ አፈሩን ያን ያህል አያደኸየውም፤ የሚያደኸየው ተከትሎ የሚመጣው እጥበትና የበረቱ መራቆት ነው። ሰብሉ ሳይደርስ ሲቀር ያልተጠቀመበት ፎስፎረስ በአፈሩ ተይዞ ይቆያል፤ ከናይትሮጅኑም የተወሰነው ይተርፋል። ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ በርች እ.ኤ.አ. በ1958 እንዳሳየው፣ ክፉኛ የደረቀ አፈር እንደገና ሲረጥብ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን በአንዴ ነቅተው ብስባሹን ስለሚያፈራርሱ ብዙ ናይትሮጅን ይለቀቃል። በላስታ ተዳፋት ላይ ግን ይህ ሲሳይ ያለ ጊዜው ይመጣል። መሬቱ ተገምሶ ራቁቱን ነው፤ ናይትሮጅኑን የሚቀበል ሥርም የለም። የሰኔ መጨረሻው ዶፍ ጥቂቱን ወደ ታች ያሰርገዋል፣ ብዙውን ከአፈሩ ጋር ጠርጎ ወደ ተከዜ ገባሮች ይወስደዋል።

የዚህን ክብደት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ተመራማሪው ሁርኒ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ከሄክታር እንደሚታጠብ ገምቷል። ከዚያ አፈር ናይትሮጅኑ ከሺህ አንድ ብቻ ነው ብንል እንኳ በዓመት 42 ኪሎ ይሄዳል። አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚይዘው ናይትሮጅን 46 ኪሎ ነው። ጭንጫ በበዛበትና አፈሩ በሳሳበት ማሳ እርከን ሳይጠገን ማዳበሪያ መበተን ማለት እንግዲህ የተገዛውን ከታጠበው ጋር ማሸኘት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ሥራ የተገነቡት የድንጋይ እርከኖች ዋጋም እዚህ ላይ ይታያል። በእርከን መካከል ያለን አንድ ቁራሽ ማሳ ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ከካቡ በላይ አፈር በተጠራቀመበት ጥግ ገብሱ ረዝሞ ዛላው ሲሞላ፣ ወደ ላይኛው ጫፍ ሲወጣ ግን እያጠረና እየሳሳ ሲሄድ ያገኘዋል። ያለው ፍግ ትንሽ ከሆነ መበተን ያለበት በዚያ በተላጠው ጫፍ ላይ ነው።

ችግሩ ፍጉ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። ድርቅ የማሳውንና የበረቱን ትስስር ይበጥሳል። ገበሬው መኖ ሲያጣ መጀመሪያ በጉን፣ ቀጥሎ ጊደሩን፣ በመጨረሻ በሬውን ይሸጣል፤ በማሳ የቀረችውም ተረፈ ምርት ተለቅማ ለቀሩት ከብቶች ትሰጣለች። የተረፈው እበት ደግሞ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ይገባል፤ ሲብስም ለዕለት ጉርስ ይሸጣል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይጠፋል፤ ፎስፎረሱና ፖታስየሙ በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ። አመዱ ግን ጓሮ ላይ ስለሚደፋ፣ ከቤት የራቀው ማሳ ከዓመት ዓመት ይጎዳል። ሙሉ ክረምት ቢዘንብ እንኳ ይህ ጉዳት በአንድ ምርት ዘመን አይጠገንም፤ የተሸጠች ጊደር ተተክታ ወልዳ በረቱ እስኪሞላ ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ ለከብት መግዣ የሚሰጥ ብድር፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እና ለማገዶ የሚተከል ዛፍ የአፈር ለምነት ሥራዎች ተብለው መታቀድና በጀት ሊያዝላቸው ይገባል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ዛሬ በየፊናቸው በተለያዩ ቢሮዎች ተበታትነዋል።

ጥራጥሬ የተበጠሰውን ክር በከፊል ይቀጥላል። በደጋው ባቄላና አተር፣ ዝቅ ሲል ምስርና ሽንብራ ናይትሮጅንን ከአየር ይስባሉ፤ ገለባቸውም ለከብት ይሆናል። ይሁንና የባቄላን ቅጠል እያቋጠረ የሚያጨማድደው በሽታ ባለበት ቀዬ ባቄላን በተመሳሳይ ማሳ ላይ ቶሎ ቶሎ መመለስ አይመከርም።

ማዳበሪያ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንጂ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ለረጅም ጊዜ በአገር ደረጃ ሲመከር የኖረው በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ፣ በድምሩ 64 ኪሎ ናይትሮጅን፣ ዝናቡ በነሐሴ መጨረሻ ለሚቆምበት ቀጭን አፈር ተብሎ የተቀመረ አይደለም። በአንድ ወቅት ዳፕን የተካው ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ የፎስፎረስ ኦክሳይድ እና 7 በመቶ ሰልፈር ይዟል። ካለፈው የከሸፈ ዘመን ፎስፎረስ በተረፈበት ማሳ መጠኑን መቀነስ ይቻላል። ዩሪያን ግን በአንዴ መጨረስ ኪሳራ ነው፤ ሲዘራ ጥቂት፣ ቀሪው ከአረም በኋላ አፈሩ ረጥቦ ሲገኝ መሰጠት አለበት። ክረምቱ ቀድሞ ከወጣ ሁለተኛው ድርሻ በመጋዘን መቆየት እንጂ በዕዳ መቆጠር የለበትም። ይህ እንዲሆን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ባለ 50 ኪሎውን ከረጢት በግንቦት ሙሉውን ከማስረከብ ይልቅ፣ ሁለተኛውን ድርሻ ገበሬው በሐምሌ መጨረሻ ሰማዩን አይቶ የሚወስድበት፣ ካልወሰደም ብድር የማይመዘገብበት አሠራር መዘርጋት ይኖርባቸዋል።