የለጋሾች መዝገብ በኮምፒውተር ሲያዝ
የለጋሽ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ለምትጠቀሙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጥቂት ምክር አለኝ።
አንደኛ፣ ፕሮግራሙ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ የአባት ስም ስለሚገባ፣ ምስጋናው ለለጋሹ መሆኑ ቀርቶ ለአባቱ ይጻፋል። ሰላምታው በራሱ ስም እንዲጀምር አስተካክሉ።
ሁለተኛ፣ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንድ አጻጻፍ ምረጡ፤ በስልክ ቁጥርም አመሳክሩ።
ሦስተኛ፣ ደረሰኙ በኢትዮጵያ፣ ፕሮግራሙ በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ ሁለቱንም ቀን መዝግቡ። አለበለዚያ ኦዲተር ሲመጣ ሒሳቡ አይገጥምም።
አራተኛ፣ ለትምህርት ቤት ተብሎ የተሰጠ ብር ከነዓላማው ይመዝገብ። ያለዚያ ለደመወዝ ሲውል የሚያውቅ አይኖርም።
በመጨረሻ፣ ሕግ እንዳጠና ሰው የምለው አለኝ፦ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የለጋሹን ስልክ ሳታስፈቅዱት ለሌላ አታቀብሉ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛም የራሱን የይለፍ ቃል ስጡት። መዝገቡ የእናንተ ቢሆንም አደራው የለጋሹ ነው።