ብረት የሌለበት «ፌሮ»፤ የአንድ የፊዚክስ ስያሜ ታሪክና የአማርኛ ድርሻ

የሙያ ቃል ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ታሪኩን አዝሎ ይሻገራል። ታሪኩ ስሕተት ያለበት እንደ ሆነ፣ ቃሉን በቁሙ የሚተረጉም ሰው ስሕተቱንም አብሮ ይተረጉማል። ይህ አጭር ጽሑፍ በ«ፌሮኤሌክትሪክ» ስስ ልባጥ ውስጥ ስለሚደረገው የሙቀት መተላለፍ ለመናገር የሚያስፈልጉንን ጥቂት ቃላት ከዚህ አንጻር ይመረምራል።

«ፌሮ» በላቲን ብረት ማለት ነው። የነገሩ ጠባይ ግን ከብረት አይመነጭም። ፌሮኤሌክትሪክ የሚባለው ቁስ በውስጡ አዎንታዊውና አሉታዊው ሙል በየፊናው ተለያይቶ የሚቆም፣ ከውጭ የኤሌክትሪክ መስክ ሲጫንበትም ይህን አቅጣጫ የሚገለብጥ ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣው ኤርቪን ሽሮዲንገር ሲሆን፣ መነሻው ከብረት ማግኔትነት ጋር ያለው ተመሳሳይነት ብቻ ነበር። ጠባዩን በሙከራ ያሳየው ጆሴፍ ቫላሴክ ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የተጠቀመበት የሮሼል ጨው ቅንጣት ብረት የለበትም።

ሩስያውያን ሌላ መንገድ መረጡ። ጨውን በ17ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ በላ ሮሼል ከተማ የቀመመው መድኃኒት ቀማሚ ሴኜት ይባል ስለ ነበር፣ የቁሱን መደብ በእርሱ ስም «ሴግኔቶኤሌክትሪክ» አሉት። ኢጎር ኩርቻቶቭ እ.ኤ.አ. በ1933 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ ይኸው ነው። እንግዲህ አንዱ ወገን በተመሳሳይነት፣ ሌላው በሰው ስም ሰየመ፤ ከሁለቱ አንዱም ነገሩ ምን እንደሚሠራ አይናገርም።

ይህ ክርክር ለዓባይ ማዶ ሩቅ አይደለም። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ነው። ተቋሙ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ሕዝቡ «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያለ ባሳጠራቸው ስሞች መጥራቱን አልተወም። ሕዝብ የውጭ ቃልን አይጠላም፤ ለአፉ እንዲመች አድርጎ የራሱ ያደርገዋል። የሮሼል ጨውም ለዚሁ አገር ተማሪ መልካም ትምህርት ይሰጣል፤ ጠባዩ የሚታየው ከዜሮ በታች 18 እስከ ከዜሮ በላይ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መጠነ ሙቀት ብቻ ስለ ሆነ፣ በጣና ዳር ከቀትር በኋላ ከጥላ ሥር እንኳ ሊጠፋ ይችላል። ባሪየም ታይታኔት ግን እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ይጸናል።

ስለ ሙቀት አማርኛ ድኻ አይደለም። ምጣድ ይግላል፤ ውሃ ይሞቃል፤ እሳት ሳይነካን ፊታችንን የሚለበልበውን ደግሞ ወላፈን እንለዋለን። በጠጣር አካል ውስጥ የሚሄደውን ሙቀት ለመግለጽ «ማስተላለፍ» የተለመደ ነው። ነገር ግን ሥራውን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው «ቅብብል» ነው። በብረታ ብረት ውስጥ ሙቀትን በብዛት የሚያጓጉዙት ነጻ ኤሌክትሮኖች ሲሆኑ፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፈው በፌሮኤሌክትሪክ ውስጥ ግን አተሞች ንዝረትን ለጎረቤቶቻቸው ያቀብላሉ።

ቁሱ ሲሳሳ ቅብብሉ ይሰናከላል፤ ንዝረቱ ከላይና ከታች ካለው ገጽ እየተጋጨ ይበተናልና። እንዲህ ያለውን ስስ ነገር «ፊልም» ብንለው አንባቢ ሲኒማ ያስባል። «ቅብ» ብንለው በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ያለው ቀለም ይታወሰዋል። በወርቅ ስለ ተለበጠ መስቀል የምንናገርበት «ልባጥ» ግን በሌላ አካል ላይ ተጣብቆ የሚኖርን ስስ ጠጣር በትክክል ይገልጻል።

ሌላም መሰናክል አለ። ሙሎቹ በአንድ አቅጣጫ የቆሙበት እያንዳንዱ ስፍራ ከጎረቤቱ በድንበር ይለያል፤ ንዝረቱም በድንበሩ ላይ ይበተናል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ከእርሳስ፣ ከዚርኮኒየምና ከታይታኒየም ኦክሳይድ በተሠራ ልባጥ ላይ ቮልቴጅ በመጫን የድንበሮቹን ብዛት ለወጡ፤ የልባጡ ሙቀት አስተላላፊነትም በተራ ክፍል ሙቀት እስከ 11 በመቶ ተለወጠ። ሙቀትን እንደ ኤሌክትሪክ በማብሪያ ማጥፊያ የመቈጣጠር ተስፋ ከዚህ ይጀምራል። «ክልል» የሚለው ቃል አስተዳደራዊ ትርጉም ስለ ተጫነበት፣ ስፍራውን «ማሳ»፣ መለያውን «የማሳ ድንበር» ማለት ይሻላል፤ ገበሬ ያለ ፊዚክስ የሚረዳው ነውና።

«ፌሮኤሌክትሪክ»ን በተመለከተ የዚህ ጸሐፊ አሳብ የሚከተለው ነው። ተማሪ ከዓለም መጻሕፍት ጋር እንዳይለያይ ቃሉ በድምፁ ይግባ፤ በመጀመሪያ ሲጠቀስ ግን «ተገልባጭ ዋልታ ቁስ» የሚለው ፍች ይከተለው። «ብረት-ኤሌክትሪክ» የሚለው ትርጉም ግን አይግባ። አማርኛ ቃሉን ዘግይቶ በመቀበሉ ያገኘው ጥቅም አለ፤ ሌሎች የሳቱትን አይቶ መሰየም ይችላል። ይህን ዕድል ሳንጠቀምበት ብንቀር ግን የባሕር ዳር ተማሪ በሌለበት ስፍራ ብረት ሲፈልግ ይኖራል።